ቮልስ ገዢ፣ ከቀለሙ በፊት ወለሉን!

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ ምርቷ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ያበቃው አሮጌዋ ቮልስም የምትናቅ ንብረት አይደለችም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ መኪናውን ፍለጋ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ የሚወጣ ነጋዴ አዲስ ቀለም አይቶ ቀብድ አይጣል።

መጀመሪያ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩ ተነስቶ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ይታይ፤ ዝገት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ አይደለም። የማራገቢያው ቺንጋ ከላላ ወይም ዘይት ካነሰ የይፋት ቆላ ሙቀት ሞተሯን ይጨርሰዋል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬኗን፣ ሲመለሱ ዳገቱ ጉልበቷን ይፈትናል።

ስለዚህ መካኒክ ይዘው ይሂዱ። የእሱ አበል ከገዙ በኋላ ሞተር ከማስወረድ ይረክሳል።