የታመመ ሠራተኛ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት



በፎገራ ሜዳ ሰው ወባ ሲይዘው ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ይጠይቀዋል። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲፈራና ከሰው ሲሸሽ ግን ቤተ ሰቡ ይደብቀዋል። በወረታ ከተማ በሩዝ መፈልፈያ ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድም እንዲህ ታመመ እንበል። ነገሩ እንዳይሰማበት ሲል ዝም ብሎ ከሥራ ይቀራል፤ ወይም የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ሕግ የሰጠውን መብት ሳያውቅ የልጆቹን እንጀራ በገዛ እጁ ይተዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። አዋጁ ሕመም ሲል የአእምሮን ሕመም ከሥጋ ሕመም አልለየም። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን በስድስቱ ወር የሚያገኘው 8,000 ብር ነው ማለት ነው።

ይህን ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በቀረ በማግስቱ ለአሠሪው ማስታወቅ ነው፤ ራሱ ባይችል ቤተ ሰቡ ይርዳው። ሁለተኛ፣ መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት ማስረጃ ማቅረብ ነው። የሽማግሌዎች ደብዳቤ ይህን አይተካም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወዳለ ሆስፒታል አብረነው እንሂድ።

ሕመሙ ጸንቶ መሥራት ባይችልስ? በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና ቦርድ የተረጋገጠ ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ግን ይህ በር ሊዘጋበት ይችላል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሰው ኃይል ክፍላቸውን ይጠይቁ።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ እንዲተኛም ተወው። እኛም እንጸልይ፤ ምሥጢሩንም እንጠብቅ። ደመወዙ በሚቋረጥበት በአራተኛው ወር የጤፉንና የቤት ኪራዩን ነገር ጉባኤው ከወዲሁ ያስብበት።