አንድ ማስመሪያ፣ ዐሥራ ሁለት ቁራጭ

በባሕር ዳር ገበያ፣ በየበረንዳው መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች እግር ሥር ዘወትር የጨርቅ ቁርጥራጭ ይገኛል። ይህ ቁርጥራጭ በእኩል መጠን ተቆርጦና ተገጣጥሞ ሲሰፋ የአልጋ ልብስ ይሆናል። አሮጌ ጨርቅ እየተደራረተ የሚሠራውን ልብስ ሕዝባችን ድሪቶ ይለዋል። ድሪቶን ካማረ የአልጋ ልብስ የሚለየው ከጨርቁ አዲስነት ይልቅ የቁራጮቹ እኩልነት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ብዙ ቀን የተደከመበት ሥራ ሲያልቅ አንዱ ረድፍ ከሌላው ረዝሞ፣ ስፌቱ ከስፌት አልገጥም ብሎ ጨርቁም ድካሙም ሲባክን ይታያል። ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የማስመሪያው? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የመለካት ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን።

ክንድና ሜትር

ባሕር ዳር ከጨርቅ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በ1963 የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተምር ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሸማኔው ሸማውን የሚለካው በክንዱ ነበር። ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንድ ሸማኔ ክንድ ግን ዛሬም ነገም ያው ነው። ስለዚህ በእርሱ ክንድ ብቻ የተለኩ ሁለት ሸማዎች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ችግር የሚመጣው ሌላ ክንድ ሲገባበት ነው።

ሳይንስም እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያያቸዋል። አንደኛው ልኬቱ ለእውነተኛው መጠን ያለው ቅርበት ነው። ሁለተኛው ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ስምምነት ነው። ለተገጣጣሚ ስፌት ከሁሉ የሚቀድመው ሁለተኛው ነው።

ስሕተት እንዴት ይጠራቀማል?

በአንድ ረድፍ 12 ቁራጮች አሉ እንበል። ማስመሪያችን በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢጨምር፣ ረድፉ በ12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ሆኖም ሁሉም ረድፎች እኩል ስለሚረዝሙ ስፌቱ ይገጥማል። ስሕተቱ አንዴ በመብዛት፣ አንዴ በማነስ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ከፊሉ ይጣፋል፤ በጥቅሉ የሚጠበቀው ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር በ12 ካሬ ሥር ተባዝቶ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

እጅግ የከፋው ግን መጨረሻ የተቆረጠውን ቁራጭ ለሚቀጥለው መለኪያ ማድረግ ነው። የጠመኔው መስመር በየጊዜው 1 ሚሊ ሜትር ቢጨምር፣ ዐሥራ ሁለተኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው በ11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ሁሉም ቁራጭ ከአንድ ማስመሪያ ወይም ከአንድ የካርቶን ልክ መወሰድ ይኖርበታል።

የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ገጹ ኢንች፣ በሌላው ሴንቲ ሜትር መያዙም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረሰው ስምምነት 1 ኢንች በትክክል 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለሆነም 6 ኢንች 15.24 ሴንቲ ሜትር እንጂ 15 አይደለም። ግማሹ ረድፍ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ከተቆረጠ በየቁራጩ የ2.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል።

የትኛው ማስመሪያ?

የጨርቅ ሜትር ለሰው ገላ ልኬት ይመቻል፤ ነገር ግን ሲሳብ ይለጠጣል፤ ከዘመንም ብዛት ይረዝማል። ለቀጥታ ቆረጣ ብረት ወይም ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይመረጣል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የእንጨት ማስመሪያ በ20 ዲግሪ አዘንብለን ብናየው ንባባችን በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዛባል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። መድኃኒቱ በቀጥታ ከላይ ማየት ነው፤ ምልክቱ ከሥር በኩል የታተመበት ማስመሪያ ደግሞ ጨርቁን ስለሚነካ ስሕተቱን ያስቀራል።

ጫፉ ያለቀ ማስመሪያ ከዜሮ አይጀመርበትም፤ ከ10 ጀምሮ ለክቶ 10 መቀነስ ይበቃል። የአራት ማዕዘን ማስመሪያን ቀጥ ማለት ለመፈተን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች መለካት ነው፤ ተፋጣጭ ጎኖቹ እኩል ሆነው ሰያፎቹም እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ናቸው።

ጨርቁም ይለወጣል

ማስመሪያው ቢስተካከልም ጨርቁ እንደ እንጨት ግትር አይደለም። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብዙም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲቆረጥ ግን በቀላሉ ይሳባል። ስለዚህ ማስመሪያው ከድሩ ጋር ትይዩ ይሁን። ጥጥ እርጥበትም ይመጥጣል፤ በቤተ ሙከራ ጨርቅ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና በ65 በመቶ የአየር እርጥበት እንዲለካ የተወሰነው ስለዚህ ነው። ክረምትና በጋው በእርጥበት በሚለያዩበት በጣና ዳርቻ፣ ጨርቁን አስቀድሞ አጥቦ፣ አድርቆና ተኩሶ፣ የአንዱን ሥራ ቁራጮች በአንድ ወቅት መቁረጥ ብልህነት ነው።

አንባብያን ይህን በወረቀት ሊፈትኑት ይችላሉ። ከአሮጌ ደብተር 12 ካሬዎች በአንድ ማስመሪያ፣ ሌላ 12 ደግሞ እያንዳንዱን ካለፈው በመቅዳት ቁረጡ፤ ከዚያም ሁለቱን ቁልሎች በጎናቸው ተመልከቱ። የመጀመሪያው ቁልል እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሁለተኛው እንደ ደረጃ ይሰፋል። በጨርቅ ላይ ከመሆኑ በፊት በወረቀት ላይ ማየቱ ይሻላል።