ሳንቲም ጎራሹ ሣጥንና የቤተሰብ ጆሮ

ዜማ የተቀረጸበትን ክብ ሰሌዳ አማርኛችን «ሸክላ» ይለዋል። የጥንቶቹ ሰሌዳዎች ከእጅ ሲወድቁ እንደ ገንቦ ይሰባበሩ ነበርና ስሙ ለጠባያቸው የተስማማ ነው። ዛሬ በቆቦ ከተማም ሆነ በራያ ቆላ የሚኖር አባወራ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ፣ ወይም ጁክቦክስ የሚባለውን ሳንቲም እየጎረሰ የሚያዜም ሣጥን፣ ገዝቶ ለማሳደስ ቢያስብ፣ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያባክን፣ የገዛውም ዕቃ ለቤቱ በረከት እንጂ ሁከት እንዳይሆንበት፣ ጥቂት ነገር ልናሳስብ ወደድን።

ድምፅን ቀርጾ ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በድምፅ መቅረጫ አስቀርጻ ልካለች። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ወደ ጀርመን የተላኩት ተሰማ እሸቴ በዚያው አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አምሐ እሸቴ «አምሐ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የዘመኑን ዘፋኞች ድምፅ በትንንሽ ሸክላ አሳተሙ። ካሴት መጥቶ ሸክላውን እስኪተካው ድረስ በየቡና ቤቱ የሚሰማው ይኸው ነበር።

የጁክቦክስ ታሪክ ደግሞ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። በ1882 ዓ.ም. ሉዊስ ግላስ የተባለ አሜሪካዊ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሳንቲም ሲገባበት ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አቆመ። ያን ጊዜ የሚሰማው ጆሮ ላይ በሚደረግ ቱቦ ነበርና ዜማው ለከፈለው ሰው ብቻ ነበር። ኤሌክትሪክ ድምፅን ማጉላት ከቻለ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ አንዱ ከፍሎ ይመርጣል፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በ1941 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ብዙ ሸክላ በአንድ ሣጥን መደርደር ተቻለ። እነሆ ዛሬ ደግሞ እያንዳንዳችን በስልካችን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ወደ ጥንቱ ቱቦ ተመልሰናል። አባት ልጁ ምን እንደሚሰማ አያውቅም፤ ልጅም አባቱ የሚወደውን ዜማ አያውቅም።

ስለዚህ አሮጌውን ሣጥን መግዛት መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሻጩ «ትንሽ ነገር ነው የጎደለው» ቢል፣ የጎደለው ትንሽ ነገር ከሣጥኑ ሁሉ የከበደ ሊሆን ይችላልና፣ ሲዞርና ሲያዜም ሳይሰሙ ሙሉ ዋጋ አለመክፈል ነው። ሸክላውን ከመደርደሪያው አንሥቶ የሚያስቀምጠው ክንድ የተሟላ መሆኑን መመርመር፣ የመርፌውንም ጫፍ በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። ያረጀ መርፌ የሸክላውን ቦይ እየፋቀ ድምፁን ለዘለዓለም ያጠፋዋል።

ሣጥኑ ከአሜሪካ የመጣ እንደ ሆነ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። እዚያ የተሠራው ለ110 ቮልት ያህል ሲሆን የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ይህን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል። ይሁን እንጂ የእነርሱ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ብዙዎቹ ሞተሮችም ፍጥነታቸውን ከዚሁ ምልልስ ስለሚያገኙ፣ ከስድስት አንድ እጅ ዘግይተው ይዞራሉ። ያን ጊዜ የወጣት ዲያቆን ድምፅ የሽማግሌ መሪጌታ ድምፅ ሆኖ ይሰማል! መድኃኒቱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ፑሊ ለ50 ምልልስ በተሠራች ሰፋ ባለች ፑሊ መለወጥ ነው። የደረቀው ጎማም ይለወጥ። የኤሌክትሪኩን ክፍል ግን ማንም እንዳይነካ አጥብቀን እንመክራለን፤ በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ከመብራት ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይዘው ሊቈዩ ስለሚችሉ፣ ሥራው የባለሞያ ነው።

የራያ ቆላ ሙቀትና አቧራ ለሸክላ ጠላቶች ናቸው። በፀሐይ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተደራርቦ የተኛ ሸክላ ይጣመማል፤ ስለዚህ በጥላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ማጫወቻውም በጨርቅ ይሸፈን። ጥንታዊው ተሰባሪ ሸክላ በአልኮል ከታጠበ ይሟሟልና በዚያ አይነካ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በቆቦና በአካባቢው በተደረገው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን አጥቷል። ከአያት የቀረ አንድ ሸክላ የተረፈለት ቤት ቢኖር ከወርቅ ይልቅ ይጠብቀው። ወርቅ ይገዛል፤ የጠፋ ድምፅ ግን አይገዛም።

ሣጥኑ ታድሶ በቤት ውስጥ ከቆመ በኋላ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። መራጩ አንድ፣ ሰሚው ብዙ ነውና፣ የሚመርጠው ሰው ለሕፃኑም ለአሮጊቷም ጆሮ አላፊ ነው። ቅዱስ ዳዊት በገናውን ሲመታ የታወከው የሳኦል መንፈስ ያርፍ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ዜማ ማሳረፍም ማወክም ይችላል። በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮውና ጸናጽሉ የሚያርፉ ከሆነ፣ በቤታችን ያለው ሣጥንም ከዘፈን ቢያርፍ ተገቢ ነው። በሌላው ጊዜ ግን፣ ከእራት በኋላ ስልኩ ወዲያ ይቀመጥ፤ አንድ ምሽት አባት፣ አንድ ምሽት እናት፣ አንድ ምሽት ልጅ ይምረጥ፤ ሁሉም በአንድነት ይስማ፤ ስለ ተሰማውም ይነጋገር። አብሮ የሰማ ቤተሰብ አብሮ ለመነጋገር ቃል አያጣምና።