ሊንክ ላይ የሚጣበቀው አራት ነጥብ

በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተጻፈ የድረ ገጽ አድራሻ ወዲያው ሰማያዊ ሆኖ፣ ሲነኩት ገጹን ይከፍታል። ይህን የሚሠራው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጽሑፉን እየቃኘ ሄዶ «ኤችቲቲፒ» ወይም «ደብሊው ደብሊው ደብሊው» የሚል ሲያገኝ አድራሻ መጀመሩን ያውቃል። ጣጣው ያለው የት እንደሚያልቅ ማወቁ ላይ ነው።

በኢንተርኔት ደንብ መሠረት አድራሻ በነጥብ፣ በኮማ ወይም በቅንፍ ሊያልቅ ይችላል። ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይገምታል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሜርኩሪ ፕላኔት ገጽ አድራሻ የሚዘጋው በቅንፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ቅንፍ ሁሉ የሚጥል ፕሮግራም አንባቢውን ወደሌለ ገጽ ይልከዋል። የፕሮግራመሮች መድረክ የሆነው ጊትሃብ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ደንብ ቅንፎቹን ይቆጥራል፦ የሚዘጉት ከሚከፍቱት ከበለጡ ትርፉን ከሊንኩ ያስወጣል። ብልህ መላ ነው።

ይኸው ደንብ ግን ለአማርኛ አልተሠራም። ከአድራሻ መጨረሻ የሚያራግፈው የእንግሊዝኛውን ነጥብ፣ ኮማ፣ የጥያቄ ምልክትና የመሳሰሉትን ነው፤ አራት ነጥብ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አማርኛ ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩን በሊንክ ጨርሶ አራት ነጥብ ካስከተለ ምልክቱ የአድራሻው አካል ይሆናል። ብሮውዘሩ ደግሞ የፐርሰንት ምልክቶቹን ጨምሮ ባለ ዘጠኝ ቁምፊ ኮድ አድርጎ ይልከዋል። ሰርቨሩ እንዲህ ያለ ገጽ ስለማያውቅ 404 (ገጹ አልተገኘም) ብሎ ይመልሳል። አንባቢው ገጹ የጠፋ ይመስለዋል፤ ገጹ ግን በቦታው አለ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ አድራሻ ያልሆነው ሊንክ ይሆናል። አንዳንዱ ፕሮግራም «ኤችቲቲፒ» ባይኖርም የስሙን ቅጥያ ብቻ አይቶ ሊንክ ያደርጋል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ስሙ የሚያልቅባቸው ሁለት ፊደላት የፓራጓይ የኢንተርኔት መለያም ስለሆኑ የፋይሉ ስም አድራሻ ሊመስለው ይችላል። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጎግል «ዚፕ» የሚለውን ቅጥያ ለድረ ገጽ ስም ሲከፍት የደህንነት ባለሙያዎች የሠጉት ለዚሁ ነው፤ የታመቀ ፋይል ስም ብቻ የጻፈ ሰው ሳያውቅ ወደ አጭበርባሪ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሊልክ ይችላል።

የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በጥር 2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአድራሻ ደንብ ሊንክን በ«ያንሳል» እና «ይበልጣል» ምልክቶች መካከል ማስቀመጥን ይመክራል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። የአማርኛ መተግበሪያ የምትሠሩ ሁሉ አራት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝንና ድርብ ሰረዝን ከሚራገፉት ምልክቶች ጋር ጨምሩልን። እስከዚያው ሊንክ የምትልኩ ከአድራሻው በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ወይም አድራሻውን ለብቻው በአንድ መስመር ጻፉት።