ቤተ ሙከራው ደጅ ነው

ሐምሌ ላይ በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ በእግሩ የሄደ ሰው መረሬው ጫማውን ሳያስወልቀው አያልፍም። ዲማን አገር የሚያውቃት በቅኔ ቤቷና በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የጥቁር አፈሯን ጠባይ ግን የሚያውቀው ገበሬዋ ነው። ዝናቡ ሲጠና ጅረቱ ደፍርሶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ስንት አፈር ይዞ ወረደ? ይህን መመለስ የጂኦግራፊ ሥራ ነው። ቤተ ሙከራውም ለዚህ መሆን ነበረበት።

ዛሬ ስለ ጂኦግራፊ ቤተ ሙከራ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበው ኮምፒውተር የተደረደረበት የጂአይኤስ (የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት) ክፍል ነው። ጥቅሙ አያከራክርም። የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር መሬት ነው። የሄክታር ሩብ የሆነው ጥማድ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምስል የግማሽ ሜትር እርከን አይለይም፤ የውሃውን ድፍርስም ማንም አይመዝነውም።

ሌላውን ዓይነት ቤተ ሙከራ ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አንጀኒ የምትባል አነስተኛ ተፋሰስ አለች፤ ስፋቷ 113 ሄክታር ገደማ ነው። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተቋምና የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር በ1981 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ፤ የአንጀኒ ጣቢያ ደግሞ በ1984 ተከፈተ። ፕሮግራሙን የመሩት ጂኦግራፈሩ ሃንስ ሁርኒ ነበሩ።

መሣሪያዎቹ የሚያስደንቁ አይደሉም፦ የዝናብ መለኪያ፣ የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ 2 ሜትር በ15 ሜትር ሆነው የታጠሩ መደቦች፣ የሊትር ጠርሙሶች። ዋናው መሣሪያ ሰው ነው። ጎርፍ መጥቶ ወንዙ ቡናማ ሲሆን መዝጋቢው በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳል፤ እስኪጠራ ድረስ ቀን ይሁን ሌሊት አይተወውም። ከዚያ ውሃው ይጣራል፣ የቀረው ደለል ይደርቃል፣ ይመዘናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ተፋሰሷ በፋንያ ጁ እርከን ስትሸፈን፣ ማለትም የቦዩ አፈር ወደ ላይኛው በኩል እየተጣለ ሲከተር፣ ለውጡን ለማየት የቀደሙት ዓመታት መዝገብ ተዘጋጅቶ ጠበቀ።

ሁርኒ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት ከአገሪቱ የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይታጠባል። በገበሬ ቋንቋ ሲሰላ ከአንድ ጥማድ 105 ኩንታል ነው፤ ከዚያው ጥማድ የሚታፈሰው ጤፍ ግን ጥቂት ኩንታል ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራውም ሥራ ከደጁ ጋር ሲገናኝ ነው ፍሬ የሚሰጠው። ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለውን የጨሞጋ ተፋሰስ ሲያጠኑ የ1957ንና የ1982ን የአየር ፎቶግራፎች ከ1998 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጸሩ። ደኑ ጨርሶ እየጠፋ ነው ተብሎ በሚነገርበት አገር የዛፍ ሽፋኑ ጨምሮ ተገኘ፤ ምክንያቱ ገበሬው በየጓሮው የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ምስሉ ዛፍ መጨመሩን ያሳያል፤ ማን እንደተከለውና ለምን እንደሆነ የሚናገረው ባለ ጓሮው ነው።

የአንጀኒ አፈር ቀይ ነው፤ የዲማው ጥቁር መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃም ያቁራል። የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስን በመሰለ፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረ የአካባቢ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሣሪያ ግዢ ዝርዝር ሲወጣ ከኮምፒውተሩ ጎን ጠርሙሱ፣ የመለዋወጫው በጀትና የመዝጋቢው የወር ደመወዝ መጻፍ አለባቸው። የተበላሸ ኮምፒውተር በመጪው በጀት ይተካል። ሳይመዘገብ ያለፈን ክረምት ግን የትኛውም ጨረታ አይመልሰውም። የዲማ የቅኔ ተማሪም የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢመጣ መምህሩ አይቀበለውም፤ በየቀኑ አዲስ መቁጠር አለበት። ዝናብ ለኪውም እንዲሁ ነው።