የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ትምህርት ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

አንድ ቡና ላኪ ሦስት መቶ ጆንያ ቡና ሲቀርብለት ሁሉንም አራግፎ ሊያይ አይችልም። ከጥቂቶቹ ጆንያዎች እፍኝ እፍኝ ያስወጣል፤ ጉድለት ያለበትን ፍሬ ያስለቅማል፤ አስቆልቶም ያስቀምሳል። ከዚያ በኋላ በዚያች ጥቂት ናሙና ተማምኖ ስለ ሦስት መቶው ጆንያ ዋጋ ይቆርጣል። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ ከገዢው መጋዘን ሲደርስ ከናሙናው የተለየ ሆኖ ቢገኝ የሚከተለው ክርክርና የዋጋ ቅናሽ ምን ያህል እንደሚጎዳ በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከጥቂቱ ተነሥቶ ስለ ብዙው መፍረድ የነጋዴ የዕለት ተግባር ነው። ይህ ፍርድ በምን ሥርዓት ቢደረግ እንደሚታመን፣ እስከ ምን ድረስም ሊሳሳት እንደሚችል የሚያስተምረው ደግሞ በኮሌጅ ለጀማሪዎች የሚሰጠው የስታቲስቲክስ መግቢያ ነው።

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ መንፈቅ ዓመት ይፈጸማል። በንግድ ሥራና በሒሳብ አያያዝ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ይማሩታል፤ በሥራ ላይ ያሉ ጸሐፊዎችና የሱቅ ባለቤቶችም የማታ ትምህርት በሚሰጥበት ስፍራ ሊከታተሉት ይችላሉ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይፈራዋል፤ ነገር ግን ለመግቢያው የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ ብቻ ነው። መደመሩንና ማካፈሉን ዛሬ ኮምፒዩተር ስለሚሠራው፣ ለተማሪው የሚቀረው ከባድ ሥራ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚል መመርመር ነው።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያገኘው አማካይ የሚባለውን ነው፤ ወዲያውም አማካይ እንዴት እንደሚያታልል ይማራል። አንድ ሱቅ ዘጠኝ ቀን በየዕለቱ 4,000 ብር ሸጠ፤ በዐሥረኛው ቀን አንድ ሆቴል መጥቶ ብዙ ዕቃ ስለ ገዛ 54,000 ብር ሸጠ እንበል። ጠቅላላው 90,000 ብር ነው፤ አማካዩም በቀን 9,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን 9,000 ብር የተሸጠበት ቀን አንድም የለም። ባለሱቁ በዚህ አማካይ ተመርቶ ዕቃ ቢያዝዝ ከሚሸጠው ከእጥፍ በላይ መደርደሪያው ላይ ይከማችበታል። ዐሥሩ ቀኖች በመጠናቸው ተራ ተሰልፈው መካከለኛው ቢወሰድ ግን 4,000 ብር ይወጣል፤ የሱቁን የዘወትር ገበያ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መደበኛ ልይይት የተባለው መለኪያ ነው። ለአስመጪ ከትምህርቱ ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። ሁለት አቅራቢዎች አሉ፤ ሁለቱም አምስት አምስት ጊዜ ዕቃ ልከዋል እንበል። የመጀመሪያው ዕቃ ከታዘዘበት ቀን አንሥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ 28፣ 30፣ 32፣ 29 እና 31 ቀን ፈጀ። የሁለተኛው 12፣ 48፣ 30፣ 20 እና 40 ቀን ፈጀ። የሁለቱም አማካይ 30 ቀን ስለ ሆነ በአማካይ ብቻ የሚመለከት ሰው ልዩነት አያገኝባቸውም። ልይይቱን ለማግኘት እያንዳንዱ ቀን ከአማካዩ የራቀበት መጠን በራሱ ይባዛል፤ ተደምሮም ከመላኪያዎቹ ቁጥር አንድ ተቀንሶ በሚቀረው፣ ይኸውም በ4፣ ይካፈላል፤ ከዚያም ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። የመጀመሪያው 1.6 ቀን ገደማ፣ የሁለተኛው 14.6 ቀን ገደማ ይሆናል። ሁለተኛውን አቅራቢ የያዘ አስመጪ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ሱቁ ባዶ እንዳይሆን ብዙ ተቀማጭ መያዝ አለበት፤ ያም በመጋዘን የታሰረ ገንዘብ ነው። ሳይታሰብ በ12ኛው ቀን ሲደርስበት ደግሞ ማንሻው ገንዘብ ሳይዘጋጅ የወደብ ኪራይ ይቆጠርበታል። ዋጋው በጥቂቱ ርካሽ የሆነው አቅራቢ በመጨረሻ ውድ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚሰጠው ትምህርት ከመነሻው ወደ ተነገረው ቡና ይመልሰናል። ለበሩ ከቀረቡት ጆንያዎች አፍ መዝገን ለሻጩም ለሠራተኛውም ይቀላል፤ ግን የሚያሳየው ለበሩ የቀረበውን ብቻ ነው። ትምህርቱ የሚያዝዘው ለጆንያዎቹ ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ የሚከፈቱትን በዕጣ እንዲለዩ ነው፤ ዕጣው ከክምሩ ሥር ያለውን ቢያወጣም ክምሩ ይነሣ። ከየጆንያውም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰድ። የናሙናው ብዛትም የራሱ ሕግ አለው። አዲስ ሳሙና የሚያመጣ ነጋዴ የከተማው ሕዝብ ይወደው እንደ ሆነ በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎችን ቢጠይቅና መልሱ እኩል በእኩል ያህል ቢከፈል፣ ከ20 ጊዜ 19 ጊዜ ያህል ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 ከመቶ አያልፍም። ስሕተቱን ወደ 5 ከመቶ ለማውረድ 400 ሰው፣ ወደ 2.5 ከመቶ ለማውረድ 1,600 ሰው ያስፈልገዋል። ትክክለኛነቱን እጥፍ ማድረግ አራት እጥፍ ድካም ይጠይቃል ማለት ነው። የከተማው ሕዝብ 50,000 ወይም 500,000 መሆኑ ግን ይህን ሒሳብ እምብዛም አይለውጠውም፤ ይህም ጀማሪውን ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ብዛት ብቻ እንደማያድን እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የሆነው ይመሰክራል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ዐሥር ሚሊዮን ያህል መጠየቂያ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይም ተመለሰለት። ከዚህም ተነሥቶ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍላተ ሀገር 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ ድኻው ቀርቷል፤ ከተጠየቁትም ብዙዎቹ ሳይመልሱ ቀሩ። ደንበኞቹን በሱቁ ውስጥ ብቻ የሚጠይቅ ባለሱቅም እንዲሁ ነው፤ ተከፍቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ የሄደው መልስ አይሰጠውም።

ናሙናው ጥቂት ሲሆን የሚደረገውን ሥርዓት ያገኘው የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኑ ለነጋዴ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። የገብስንና የጌሾ መሰሉን የሆፕስን ዓይነት ለማወዳደር የሚደረገው ሙከራ ውድ ስለ ሆነ በእጁ የሚገባው ቁጥር ሁልጊዜ ጥቂት ነበር፤ የዘመኑ ሊቃውንት ሒሳብ ደግሞ የተሠራው ለብዙ ቁጥር ነው። ጎሴት ለጥቂቱ የሚሆነውን ሒሳብ አውጥቶ በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ «ተማሪ» በሚል ስም ጻፈ፤ ዛሬም በየኮሌጁ የተማሪ ፈተና ሲባል የዚሁ ሰው ሥራ ነው። ከስድስትና ከሰባት ጭነት በላይ ማስረጃ ለሌለው አስመጪ ከዚህ የሚቀርበው ምዕራፍ የለም።

ሁለት ነገሮች አብረው ከፍ ማለታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እንደማያሰኝም ይማራል። በዐቢይ ጾም መግቢያ አዲስ ማስታወቂያ የሰቀለ ባለሱቅ የምግብ ዘይቱ ሽያጭ ሲጨምር ማስታወቂያውን ያመሰግን ይሆናል፤ ማስታወቂያ ያልሰቀለው ጎረቤቱም በዚያው ሰሞን ብዙ ዘይት ሸጧል። ደግሞም በመጽሐፉ «ጉልህ ልዩነት» የሚለው ቃል ትልቅ ትርፍ ማለት አይደለም፤ በአጋጣሚ ብቻ ሊገኝ የሚያስቸግር ልዩነት ማለት ነው። ከኪሎ ላይ የአምስት ሳንቲም ልዩነትም ጉልህ ሊባል ይችላል፤ ለአምስት ሳንቲም ግን አቅራቢ አይለወጥም።

በመዝገብ በስሕተት የገባውን ቁጥር ይህ ትምህርት ሊያቃናው አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊውን ወይም ልጁን ለመላክ ያሰበ ነጋዴ ከአሁኑ የየዕለቱን ሽያጭና እያንዳንዱ ጭነት የታዘዘበትንና የደረሰበትን ቀን በአንድ ደብተር ያስጽፍ፤ ተማሪውም ያንን ደብተር ለመለማመጃ ይውሰደው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል የቤት ጥናት ስለሚፈልግ፣ የሚመዘገብበት መንፈቅ የሱቁ ሥራ ከሚበዛበት ወራት ጋር እንዳይገጥም አስቀድሞ ማየት ይገባል።