በዘር የመጣ፣ በአጋጣሚ የደረሰ

ካንሰር ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም «በዘራቸው አለ» ይባላል፤ ከማንም ሳይወርድ ድንገት ሲከሰት ደግሞ ዕድል ይረገማል። ሁለቱ ግን የሚመስሉትን ያህል አይራራቁም።

ይህን ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ያደረገው ሬቲኖብላስቶማ የተባለው ብርቅ የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ፎቶግራፍ ነው፤ የሕፃኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን የ48 ሕሙማንን መዝገብ ሲመረምር ሁለቱም ዓይኖቻቸው የታመሙባቸው በለጋነታቸው እንደሚያዙ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ የታመመባቸው ግን በአብዛኛው ዘግየት እንደሚሉ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ ዕጢው እንዲፈጠር የአንድ ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት አለባቸው አለ። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶበት የተወለደ ሕፃን የሚቀረው አንድ ብልሽት ነው፤ እሱም በሬቲናው ካሉት እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንዱ ላይ መድረሱ እምብዛም አይቀርም። ሁለቱም ቅጂዎች ጤነኛ ሆነውለት በተወለደው ላይ ግን ሁለቱም ብልሽቶች እዚያው አንድ ሕዋስ ላይ መግጠም አለባቸው። ዘረመሉ በ1986 ተለይቶ ታወቀ። እንግዲህ ከወላጅ የሚወረሰው ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን የመጀመሪያው ብልሽት ነው፤ የቀረውን አጋጣሚ ይጨርሰዋል። ደግሞም የተበላሸውን ቅጂ ይዘው ከሚወለዱት የአብዛኞቹ ወላጆች ጤነኞች ናቸው፤ ብልሽቱ አዲስ ነው። ያ ሕፃን አድጎ ሲወልድ ግን ለእያንዳንዱ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

በጡት ካንሰርም ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 ብራካ 1 የተባለው ዘረመል በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ አሳየች። ሥራው የተሰበረ ዲኤንኤ መጠገን ነው። የተበላሸውን ቅጂ ከያዙ ሴቶች ከ10 ሰባቱ ገደማ እስከ 80 ዓመታቸው በጡት ካንሰር ይያዛሉ። ከአባትም ይወረሳል፤ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ የእናት ወገን ብቻ መቆጠሩ ለዚህ ነው የሚያሳስበው።

በዘር የሚመጡት ግን ከካንሰሮች ሁሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። የቀሩት በሕይወት ዘመን በሚጠራቀም ስሕተት ይፈጠራሉ፤ ሕዋስ ሲከፈል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ይሳሳታል። በ2015 ተመራማሪዎቹ ቶማሴቲና ቮገልስታይን የግንድ ሕዋሳቱ (ስቴም ሴሎቹ) መከፈል የሚበዛበት የሰውነት ክፍል ለካንሰር ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳዩ፤ ትልቁ አንጀት ከትንሹ ይልቅ የሚጠቃው በዚህ ነው። ጋዜጦች ግን «ከሦስት ካንሰሮች ሁለቱ መጥፎ ዕድል ናቸው» ብለው አራገቡት። ጥናቱ ያነጻጸረው የሰውነት ክፍሎችን እርስ በርስ ነበር፤ አጫሽና የማያጨስ ሰው እኩል ነው አላለም። የትምባሆ ጭስ በሳንባ ሕዋስ ዲኤንኤ ላይ የሚተወው የስሕተት ዓይነት ዛሬ ተለይቶ ይነበባል።